የወንዛችን ወፍጮ ዳግም የዞረበት ዓመት

በተወለድኩበት መንደር በውሃ ወፍጮው ቤት አጠገብ የሚያልፍ ሰው እርምጃውን ያፈጥን ነበር። መንገዱ ወንዙን ተከትሎ በአኻያዎቹ ሥር ስለሚያልፍ ሌላ መሄጃ የለም። እናቶች ልጆቻቸውን በእጃቸው እየጎተቱ፣ ቀና ብለው ሳያዩ ያልፋሉ። ቤቱ ጣሪያው የረገፈ፣ በአንድ በኩል ግድግዳው የተናደ፣ ውስጡ ሳማ የበቀለበት የድንጋይ ቤት ነበር። ልጆች ሳለን ውስጡ ምን እንዳለ አናውቅም። የምናውቀው ቀትር ላይ መግባት እንደማይገባ ብቻ ነው።

ወፍጮው የመንደሩ ነበር፤ የሚያስፈጨው ግን የአባቴ አባት ነው። እኔ ገና ድክ ድክ ስል በአንድ ክረምት ወንዙ ሞልቶ ውሃ የሚመጣበትን ቦይ ጠራርጎ ወሰደው። በዚያው ዓመት አያቴ ታሞ ሞተ። ሰው ሁለቱን አገጣጠመና ወንዙ ዋጋውን ተቀበለ አለ። በላዩ ላይ በአቅራቢያችን ባለችው የገበያ ከተማ፣ በብልባላ፣ የናፍጣ ወፍጮ ተተከለ። እህል በአህያ ጭኖ፣ አስፈጭቶ፣ ገበያውንም አይቶ መመለስ ሁሉም የሚወደው ነገር ሆነ። የውሃ ወፍጮው ለሳማና ለወሬ ተተወ።

መንደራችን ትንሽ ናት። ወንዙ ከገደሉ ወጥቶ ትንፋሽ የሚያገኝበት ሜዳ ላይ፣ ላስታዎች እንደምንሠራው ክብ የድንጋይ ቤቶች ናቸው ያሏት፤ ከብቱ ከታች፣ ሰው ከላይ፣ ደረጃው በውጭ በኩል። ቤተ ክርስቲያኑ ከላይ ኮረብታው ላይ በወይራ ተከቦ ተቀምጧል። ከዚህ ሌላ ለእንግዳ የሚታይ ነገር የለንም ብዬ አምን ነበር። እኔ ላሊበላ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ ነው የማስተምረው። እዚያ ከተማ ውስጥ ቅርስ ማለት ባሕር ተሻግረው መጥተው የሚያዩት፣ አጥር ያለው፣ ጠባቂ ያለው ነገር ነው። አገርሽ የት ነው ሲሉኝ «ወደ ብልባላ ነው» እልና ወሬውን እቀይር ነበር። የመንደሬን ስም ብናገር እንኳ የሚያውቃት የለም።

ጦርነቱ ሲመጣ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ። መብራት ጠፋ፣ ስልክ ጠፋ፣ መኪና ቀረ። እኔም ልብሴን ቋጥሬ በእግሬ ወደ እናቴ ወረድኩ።

ቤት ስደርስ መጀመሪያ የሰማሁት የመጅ ድምፅ ነው። ከእናቴ ቤት፣ ከጎረቤቷ ቤት፣ ከዚያም ከማዶ። ብልባላ ያለው ወፍጮ ነዳጅ አጥቶ ከቆመ ወራት ሆኖታል። ሴቶቹ ሁሉ እናቶቻቸው ትተውላቸው የሄዱትን የእጅ ወፍጮ ከጓዳ አውጥተው ተንበርክከዋል። ያን ዓመት እህል አልጠፋም ነበር፤ አዲሱ ገብስና ጤፍ ገብቷል። ግን ጎተራ የሞላው ሰው ንፍሮ ይበላ ነበር፤ ዱቄት ስለሌለው።

እናቴ የቀኝ ትከሻዋን ማንሳት አቅቷታል። እኔ ልተካት ብዬ ተንበረከክሁ። አንድ ጣሳ ገብስ ሳልጨርስ መዳፌ ውሃ ቋጠረ። እሷ መጅዋን ተቀበለችኝና «አንቺ የጠመኔ እጅ ነው ያለሽ» አለችኝ። አልሳቀችም፤ ደክሟት ነበር። ከጎናችን ያለችው ጎረቤታችን ከወለደች ገና ሃያ ቀኗ ነው፤ እሷም ትፈጭ ነበር። ሕፃኑ በመጁ ድምፅ ይተኛል፤ ድምፁ ሲቆም ይነቃል።

አንድ ቀን ጠዋት ለአክስቴ ንፍሮ በሰፌድ ይዤ ሄድኩ። አክስቴ የአባቴ ታላቅ እህት ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ከመንደሩ ጫፍ፣ ወንዙ አጠገብ ለብቻዋ ትኖራለች። ዓይኗ ደክሟል፤ ሰው የምትለየው በድምፁና በእርምጃው ነው። ጥርሷም ጥቂት ነው የቀረው። ባቄላውን በድዷ ስታላምጥ ቆየችና ወደ ወንዙ ፊቷን መልሳ እንዲህ አለችኝ፦

«ወፍጮው እኮ አልሞተም። ውሃው ነው የራቀው።»

«የቱ ወፍጮ?»

«የአባቴ ነዋ። ሌላ ወፍጮ አለን?»

«ድንጋዩ አሁንም አለ ብለሽ ነው?»

«ድንጋይ የት ይሄዳል? ማን ይሸከመዋል?»

ከዚያ በፊት ሰምቼ የማላውቀውን ነገር የነገረችኝ ያን ቀን ነው። አያቴ በጎልማሳነቱ ወንድ ልጅ አልነበረውም፤ አባቴ የተወለደው ዘግይቶ ነው። ስለዚህ ድንጋዩን ስታስነሳ፣ ስትወቅር፣ ቦዩን ስትጠርግ ያደገችው እሷ ናት። ካገባች በኋላም ድንጋዩ በደነዘ ቁጥር አባቷ ያስጠራት ነበር። ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰው መንደሩ ውስጥ ነበረ፤ ግን እንደ ዕውቀት የቆጠረው የለም። ለአባቷ ታዝዛ ነው የሚባለው፤ በቃ።

ተነሥተን ሄድን። ስንደርስ ቀትር ሆኗል። እኔ ፊዚክስ አስተማሪዋ በሩ ላይ እግሬ ያዝ አደረገኝ፤ አክስቴ ግን ሳማውን በምርኩዟ እየመታች ቀጥ ብላ ገባች። መሃል ላይ ደርሳ ተንበረከከች። አፈሩን በእጇ ጠረገች፤ ከሥሩ ጥቁር ክብ ድንጋይ ወጣ። ስፋቱ የትልቅ ምጣድ እጥፍ ይሆናል። ዙሪያውን ዳበሰችው፤ ከዚያ መሃሉን።

«ጥርሱ አልቋል» አለች። «ገላው ግን ደኅና ነው።»

ከታች ወደ ጎድጓዳው ወርጄ አየሁ። ውሃ የሚመታው የእንጨት መንኮራኩር በስብሶ አፈር ሆኗል። ቋሚው ዘንግም እንዲሁ። ወደ እሷ ወጥቼ አንድ በአንድ ነገርኳት። እንጨቱ አላስጨነቃትም፤ አናጺ ይሠራዋል አለች። ያስጨነቃት ብረቱ ነው። የላይኛውን ድንጋይ ከዘንጉ ጋር የሚያያይዝ፣ አንድ ክንድ የሚሆን፣ መሃሉ የተበሳ ጠፍጣፋ ብረት መኖር ነበረበት። እሱ ከሌለ ዘንጉ ይዞራል፤ ድንጋዩ ግን ዝም ብሎ ይቀመጣል።

«ወስደውታል» አለች።

«ማን?»

ከላይ፣ ከኮረብታው የስድስት ሰዓት ደወል እየተደወለ ነበር። ራሷን ዘንበል አድርጋ እስኪያልቅ ሰማችው።

«ስንት ዓመት ሙሉ ስሰማው ኖሬ» አለች ቀስ ብላ። «ያ የእኛ ብረት ነው።»

ነገሩን ለማመን ወደ ኮረብታው ወጣሁ። እውነቷን ነው። ከወይራው ቅርንጫፍ ላይ በመሃል ቀዳዳው በጠፍር የተንጠለጠለው የቤተ ክርስቲያኑ ደወል የወፍጮው ብረት ነበር። አያቴ በሞተ ጊዜ ቤቱ ሲተው አንዱ አውጥቶ ለቤተ ክርስቲያን ሰጥቶታል፤ ሰጪውም ሞቷል።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ በግቢው ዛፍ ሥር ተሰበሰበ። አክስቴን በእጇ ይዤ አመጣኋት። የሰበካችን ቄስ መሃል ላይ ተቀምጠዋል፤ ሽማግሌዎቹ በቀኝና በግራ፣ ሴቶቹ ከኋላ። ነገሩን ያስረዳሁት እኔ ነኝ፤ እንደ ክፍል ውስጥ ረጅም አድርጌ፣ ስለ ውሃ ጉልበት።

አንድ ሽማግሌ ተነሡ። መንደሩ ውስጥ የሚከበሩ፣ ብዙ የማይናገሩ ገበሬ ናቸው። «ልጄ፣ የተናገርሽው ጥሩ ነው» አሉ። «ግን ያ ቤት ሰው ሞቶበታል። ወንዝ አንዴ የወሰደውን ቦታ መልሶ ይጠይቃል። ንፍሮ እየበላን ብንኖር ይሻላል።»

ሌሎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ያኔ አክስቴ ምርኩዟን ተደግፋ ተነሣች።

«አባቴን የገደለው ሳንባው ነው» አለች። «አርባ ዓመት ዱቄት ሲተነፍስ ኖሮ ሳል ያዘው። ያስታመምኩት እኔ ነኝ፤ ወንዙ አልነበረም።» ከዚያ ወደ ቄሱ ድምፅ ዞረች። «አባ፣ ይፍቱኝ። ይህ ደወል የወፍጮው ብረት ነው። ይህን ያህል ዘመን ሕዝብ ለቅዳሴ ሲጠራ ኖሯል። ሰይጣን ቢኖርበት እስካሁን አይለቅም ነበር?»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሳቁን በነጠላው ሸፈነ። ቄሱ ግን አልሳቁም። «ደወሉን ፈትተን ለወፍጮ እንስጥ ነው የምትይው?» አሏት።

«አዎ አባ።»

በዚህ መሃል እናቴ ከኋላ ተነሥታ ወደ መሃል መጣች። ሁለት መዳፏን ዘርግታ ለቄሱ አሳየች። ቆዳው ተልጦ፣ ደርቆ፣ እንደገና ተልጧል። ከእሷ በኋላ አራሷ ጎረቤታችን መጣች፤ መዳፏን ዘረጋች። ከዚያ ሌላዋ፤ ከዚያ ሌላዋ። ሴቶቹ በተራ እየመጡ መዳፋቸውን አሳይተው ዝም ብለው ይመለሱ ነበር። ቀደም ሲል የተናገሩት ሽማግሌ ሚስታቸው ስትመጣ አዩና መሬት መሬት ማየት ጀመሩ።

ቄሱ ዓይናቸውን ወደ ተንጠለጠለው ብረት አነሡ። ከዚያ እንዲህ አሉ፦ «ብረቱን ፍቱት። እኛ የድንጋይ ደወል አለን። ዕቃ ቤቱ ጀርባ ወድቆ ነው ያለው። አባቶቻችን በእሱ ነው የደወሉት፤ ብረት ያሳነፈን እኛ ነን።»

በዚያው ሰዓት ሁለት ወንዶች ሄደው ረጃጅሞቹን ጠፍጣፋ ድንጋዮች አወጡ። ድንጋዮቹ ታጠቡ፤ በጠፍር ታሰሩ፤ ከወይራው ላይ ተንጠለጠሉ። ቄሱ ራሳቸው በትንሽ ድንጋይ መቷቸው። ድምፁ ከብረቱ ይልቅ ቀጭንና ጥርት ያለ ነበር፤ ገደሉ ጋ ደርሶ ተመለሰ። አዛውንቶቹ ፊታቸው በራ፤ በልጅነታቸው ይህን ድምፅ ያውቁት ነበር። ብረቱን ነጠላዬ ላይ አስቀምጠው ሰጡኝ። ከመሰለኝ በላይ ከባድ ነበር።

ሥራው በጅጌ ሆነ። በየሳምንቱ ሁለት ቀን፣ ከየቤቱ አንድ ሰው ይወጣል። እኔ የቦዩ ኃላፊ ሆንኩ፤ የተማርኩት ነገር እዚህ ላይ ይጠቅማል ብለው። ውሃ የተሞላ ቱቦ ይዤ ከፍታ ለካሁ፤ በደብተሬ ላይ አሰላሁ፤ ከወንዙ እስከ ወፍጮው ድረስ አጭሩን መስመር ካስማ ተከልኩበት። አሥራ አምስት ሰው አራት ሳምንት ቆፈረ። አክስቴ በየሥራ ቀኑ መጥታ ዳር ላይ ትቀመጣለች፤ ምንም አትልም። አንድ ቀን ብቻ «አባቴ በዚህ በኩል አልነበረም ያመጣው» አለችኝ። «በዚህ በኩል ይቀርባል» አልኳት።

ውሃውን ለሙከራ ለቀቅነው። እንደ ፈረስ ነው የመጣው። ሕዝቡ ደስ ብሎት ከጎኑ ሮጠ፤ እኔም ሮጥኩ። ከመታጠፊያው ላይ ሲደርስ ግን ዳሩን በላ፤ አፈሩን ይዞ ወደ ሰው ማሳ ተገለበጠ። ያን ያህል ቀን የተቆፈረው ቦይ ለአንድ ቅዳሴ የሚሆን ጊዜ እንኳ አልቆየም። የማሳው ባለቤት እኚያው በስብሰባው የተቃወሙት ሽማግሌ ነበሩ።

ሰው እንዳያየኝ ከአኻያው ሥር ተቀመጥኩ። ሽማግሌው በጭቃው ውስጥ እየተራመዱ ወደ እኔ መጡ። ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅሁ። «ማሳው ዘር የለበትም» አሉኝ። «ውሃ እንደሚመጣ ግን አሁን አየሁ። ተነሺ።»

አክስቴ ጋ ሄድኩና ይቅርታ ጠየቅኋት። «ውሃ እንደ በቅሎ ነው» አለችኝ። «ቁልቁለት ከሰጠሽው ይጥልሻል። ቀስ ብሎ እንዲመጣ አድርጊው፤ ጉልበቱን ለመጨረሻዋ መውደቂያ ያስቀምጣል።» እኔ ይህንኑ ለተማሪዎቼ በቁጥር ሳስተምር ነው የኖርኩት። መሬት ላይ ግን አላየሁትም ነበር።

በማግስቱ የአያቴን መስመር ፍለጋ ወጣን። እሷ በእጄ ተደግፋ፣ በባዶ እግሯ መሬቱን እየዳሰሰች። የተራራውን ወገብ ይዞ የሚዞር፣ የእኔን መስመር እጥፍ የሚረዝም ነው። ሦስት ቦታ ላይ ቆማ «እዚህ ቆፍሩ» አለች፤ ሦስቱም ቦታ ላይ ከአፈሩ ሥር የተደረደረ ድንጋይ ተገኘ። የድሮው ቦይ ግድግዳ ነው። ከዚያ በኋላ ካስማ የሚያስፈልገው ሰው አልነበረም። ሰዉ የአያቶቹን ድንጋይ እየተከተለ ቆፈረ፤ ያ አጭሩ መስመር የፈጀውን ጊዜ ግማሽ እንኳ አልፈጀም።

አናጺው ማረሻና ቀንበር የሚሠራ የመንደራችን ሰው ነው፤ መንኮራኩር ሠርቶ አያውቅም። አክስቴ ክንፎቹ እንዴት እንደ ማንኪያ እንደሚጎደጎዱ በጭቃ ሠርታ አሳየችው። እሱ ከወይራ ዘንጉን፣ ከዋንዛ ክንፎቹን አወጣ። ከቦዩ ጫፍ ውሃውን ወደታች የሚጥለውን አሸንዳ ከአንድ ወጥ ግንድ ቦረቦረው። እየሠራ እንደ ልጅ ይጠይቃታል፤ እሷም ሳትሰለች ትመልስለታለች።

የቀረው ድንጋዩን መውቀር ነው። ስምንት ወንዶች በአጣና የላይኛውን ድንጋይ አንሥተው ገለበጡት። አክስቴ የአባቷን መዶሻ ከቤቷ አመጣች፤ ከአልጋዋ ሥር ነበር ያስቀመጠችው። እጇ ይንቀጠቀጥ ስለነበር መምታት አልቻለችም። ስለዚህ እናቴን፣ አራሷን ጎረቤታችንንና እኔን ከድንጋዩ ዙሪያ አስቀመጠችን። እኛ እንመታለን፤ እሷ በመዳፏ ትከተላለች።

«ከመሃል ወደ ዳር» ትላለች። «እህሉ መንገድ ይፈልጋል። መሃሉ ላይ ጥልቅ፣ ዳሩ ላይ ስስ። አይ፣ አይ፣ አትቸኩይ፤ ቆዳውን ብቻ ንኪው።»

በቀኑ መጨረሻ ፊታችን በድንጋይ ብናኝ ነጭ ሆኗል። ላሊበላ ስኖር ስለ ውቅር ሲወራ ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ፤ መዶሻ ይዤ አንድ ድንጋይ እንኳ ነክቼ አላውቅም ነበር። እናቴ ትከሻዋ እያመማት አላቆመችም። እንዲያውም ከሦስታችን የተሻለ እጅ የእሷ መሆኑን አክስቴ በመዳፏ ለይታ ተናገረች። እናቴ ቀና ብላ አየችኝና ፈገግ አለች፤ ከመጣሁ ጀምሮ ፊቷ ፈገግ ሲል ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ውሃው የተለቀቀው ከጥምቀት በኋላ ባለው ሳምንት ነው። ቄሱ ጸሎት አድርሰው ቦዩን ባረኩ። የማሳው ባለቤት ሽማግሌ ከላይ መግቻውን እንዲከፍቱ ተመረጡ። ውሃው ተራራውን ዞሮ እስኪመጣ ድረስ ሰዉ ቦዩ ዳር ቁጭ ብሎ ጠበቀ። ቀስ ብሎ፣ ቅጠል እየገፋ መጣ። አሸንዳው ላይ ደረሰ፤ ወደቀ። ከሥር የመንኮራኩሩ ክንፎች ሲመቱ ሰማን።

ድንጋዩ ግን አልዞረም።

ሁሉም ወደ እኔ ያያሉ። እኔ ወደ አክስቴ አየሁ። እሷ ጆሮዋን ወደ ድንጋዩ አስጠግታ «ተጋጥመዋል» አለች። «ላይኛው ታችኛው ላይ ተኝቷል። ከሥር ያለውን ሽብልቅ መታ አድርጉት፤ የፀጉር ያህል ብቻ።» አናጺው ወደ ጎድጓዳው ወረደና መታ። አንዴ። ሁለቴ። ድንጋዩ ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ እንደ ከባድ ሰው ተነሥቶ መዞር ጀመረ።

አክስቴ ገብሱን በእፍኟ ዘግና በመሃሉ ቀዳዳ ጨመረች። ከዳር ዱቄቱ መጣ። የመጀመሪያው ሸካራ ነበር። በአውራ ጣቷና በጠቋሚዋ አሽታ «ዝቅ» አለች፤ አናጺው ሽብልቁን ላላ አደረገው። እንደገና አሸች። ሦስተኛው ላይ ላመላት። ከዚያ እፍኝ ሙሉ ዘግና ለእናቴ ሰጠቻት። እናቴ ዱቄቱን ፊቷ ላይ አስጠግታ አሸተተችው፤ ለአራሷም አቀበለቻት። እልልታው ከየት እንደጀመረ አላውቅም፤ የኔም ድምፅ ውስጡ ነበረ።

በዚያ ሳምንት ከብልባላ አቅጣጫ ሳይቀር አህያ የጫነ ሰው ይመጣ ጀመር። ከማናውቃቸው መንደሮች ሁሉ። ተራው በመጡበት ነው፤ አራስና አሮጊት ግን ይቀድማሉ። ይህን ደንብ ያወጡት ሴቶቹ ናቸው፤ ያስከበሩትም እነሱ ናቸው። በመንደሩ የመጅ ድምፅ ጠፋ። ጎረቤታችን ልጇ ድምፁን አጥቶ እንቅልፍ እንቢ ቢላት፣ ወፍጮው ደጃፍ ወስዳ ታስተኛው ነበር። ያ ሁሉ ሰው እየፈራው ያለፈበት ቤት የሕፃን ማስተኛ ሆነ።

ከረጅም ጊዜ በኋላ መብራት ተመለሰ። እኔም ወደ ትምህርት ቤቴ ተመለስኩ። ብልባላ ወፍጮው ሲንቀሳቀስ የእኛው ይቆማል ብዬ እርግጠኛ ነበርኩ፤ ለአክስቴም እንዳታዝን ቀድሜ ነገርኳት። «ይሂዱ» አለች። «የሚሄድ ይሂድ።» ወደ እናቴ በወረድኩበት በመጀመሪያው እረፍት ወፍጮው ጋ አለፍኩ። ሰልፉ አጥሯል፤ ግን አለ። አንዲቱን ሴት ለምን ብልባላ እንዳልሄደች ጠየቅኋት። «የዚያኛው ዱቄት ትኩስ ነው፣ ይቃጠላል» አለችኝ። «ይህኛው ቀዝቃዛ ነው፤ ሽታው አይጠፋም። ደግሞስ የራሳችን እያለን?» የራሳችን ያለችበትን ድምፅ ይዤ ወደ ላሊበላ ወጣሁ። ተማሪዎቼ አገሬ የት እንደሆነ ሲጠይቁኝ የመንደሬን ስም ጠርቼ፣ መንገዱን ጭምር ነገርኳቸው።

በሚቀጥለው ዓመት፣ እኔ ለትንሣኤ እናቴ ቤት ሳለሁ፣ ከወንዙ በታች ካለ መንደር ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። ኮርቻ የተጫነች በቅሎ ይዘዋል። በእኛ አገር በቅሎ ተልኮለት የሚመጣ ሰው ቄስ ወይ ዳኛ ነው። እነሱ ግን ወደ አክስቴ ቤት ሄደው ደጃፏ ላይ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«እሜቴ» አሉ ትልቁ፣ «የእኛም ወንዝ ዳር የቆመ ወፍጮ ነበረን። ከፈረሰ ቆየ። መጥተው ይዩልን።»

«እኔ ምን አውቃለሁ» አለች አክስቴ፤ ወጉ ነውና። ከዚያ «ድንጋዩ ጥቁር ነው ቀይ?» አለች።

«ጥቁር ነው።»

«ነጠላዬን አምጪልኝ» አለችኝ።

በቅሎዋ ላይ አወጣናት። መንደሩ ሁሉ ወጥቶ ሸኛት። ቄሱ በበራቸው ቆመው በመስቀላቸው ባረኳት። ወንዙን ይዘን ወረድን፤ እሷ ከፊት፣ ሽማግሌዎቹ ልጓሙን እየተቀባበሉ ይስባሉ፣ እኔ መዶሻዋን ይዤ ከኋላ። ስንደርስ የዚያ መንደር ሰው ከፍርስራሹ ዙሪያ ቆሞ ይጠብቅ ነበር፤ ወፍጮ ቤቱ ከእኛው የባሰ ፈርሷል።

አወረዷት። እጇን ይዤ ወደ ድንጋዩ ወሰድኳት። ተንበርክካ አፈሩን ጠረገች። መዳፏን ከመሃል ወደ ዳር፣ ከመሃል ወደ ዳር ደጋግማ አሳለፈች። የአሮጌው ውቅር መስመር ስሱ ገና ይታይ ነበር። ሰዉ ምን ትላለች ብሎ ተጠጋ።

«ይህን የወቀረው ሰው ግራኝ ነው» አለች። «ምቱ ሁሉ ወደ ቀኝ ነው የተኛው። ጥሩ እጅ ነበረው።»

ከሰዉ መሃል አንድ አዛውንት ወደ ፊት መጡ። «አባቴ ነው» አሉ። «ግራኝ ነበረ።» ጎንበስ ብለው ትከሻዋን ሳሙት፤ እሷም በእጇ ፈልጋ እጃቸውን ያዘች። ከዚያ መዶሻውን ከእኔ ተቀብላ ለዚያ መንደር ሴቶች አቀበለች።

ወፍጮው ክረምቱ ሳይገባ ዞረ።